ከደኑ ያልወጣው ዳስ

ቤታችሁን ቆልፋችሁ ከወጣችሁ በኋላ ቁልፉን ውስጥ እንደተዋችሁት ያወቃችሁበት ቀን አለ? እኔ ደርሶብኛል። ጓጉንቸሩን ቀጭ አድርጌ ዘግቼ፣ ደህና ተዘግቷል ወይ ብዬ ሳብ ሳብ አድርጌ አረጋግጬ፣ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ነው ቁልፉ አልጋዬ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ። እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በግድየለሽ ሰው ላይ ብቻ አይመስለኝም። በሩን አጥብቆ ስለመዝጋት ብቻ የሚያስብ ሰውም ውስጥ የቀረውን ይረሳል።

የምጽፈው ግን ስለ እኔ ክፍል በር አይደለም። አንድ መንደር በሙሉ፣ ሽማግሌውም ቄሱም አስተማሪዋም በተሰበሰቡበት፣ ይህንኑ በአንድ ደን ላይ እንዴት እንዳደረገውና በዚህ ምክንያት የአንድ አባት የልጅ ሰርግ እንዴት ጭንቅ ላይ እንደወደቀ ነው።

ትምህርት ቤታችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ብሎ፣ ዳገት ተወጥቶ የሚደረስበት ነው። መኪና የሚመጣው እስከ ወንዙ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። እዚያ ስመደብ ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቅ የገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ አንድ ነገር ከተናገሩ ግን ከቃላቸው የማይነቃነቁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ደግሞ ሳይቀልዱ የሚያድሩበት ቀን የለም። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ደባርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር።

ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ጅረት ማዶ ደኑ አለ። ትልቅ ደን አይደለም። ተማሪዎቼን ከታች እስከ ላይ ይዣቸው ስወጣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃናል። ከታች ወይራና ጽድ፣ መሐሉ ላይ ኮሶ፣ ወደ ላይ ገደሉ ሥር ደግሞ አስታ አለበት። ጅረቷ የምትመነጨው ከውስጡ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው በረዶ ሲይዘው የሚጠለለው እዚያ ነው። ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ ተሸካሚዎቹ የሚቀያየሩት በደኑ ጥላ ሥር ነው። መንገድ ለሚጠይቅ እንግዳም «ከደኑ ወዲህ» ወይም «ከደኑ ወዲያ» ተብሎ ነው የሚነገረው። ስም የለውም፤ ደኑ ደኑ ነው። በአካባቢው ሌላ ስለሌለ ስም አላስፈለገውም።

እኔ ስመጣ ይህ ደን እየሳሳ ነበር። ማን እየጨረሰው እንደሆነ ስጠይቅ ከሰል አክሳዮች ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። ደኑን የሚጨርሰው ሰርግ ነበር።

ይህን ላብራራ። በጥር ወር በየደጋሹ ቤት ዳስ ይጣላል። ዳስ ቋሚ ይፈልጋል፤ ቋሚው ደግሞ አናቱ ላይ ወራጁን እንዲይዝ ሁለት የተከፈለ ባላ መሆን አለበት። ከትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ባላ ሲፈልግ የሚውል ሰው የለም። ቀላሉ መንገድ ቁመቱ ልክ የሆነና አናቱ የተከፈለ ለጋ ዛፍ መርጦ ከሥሩ መጣል ነው። ስለዚህ በያመቱ የሚቆረጡት ነገ ትልቅ የሚሆኑት ዛፎች ናቸው። ሰርጉ ሲያልፍ እንጨቱ ይማገዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይቆረጣል። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ደኑ ውስጥ አቁሜ ምን እንደሚያዩ ስጠይቃቸው አንዲቷ ልጅ ትልልቆቹን ዛፎችና በመሐላቸው ያለውን ጉቶ አየት አድርጋ «ቲቸር፣ አያቶች አሉ፤ ልጆች ግን የሉም» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

ነገሩን በሰው ፊት ያነሡት አከራዬ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆመው ሐሳባቸውን ተናገሩ። መንደሩ ተባብሮ፣ ክረምት ላይ ነፋስ ከጣላቸው ዛፎች አንድ ሙሉ የዳስ እንጨት ያዘጋጅ፤ ባላውም ወራጁም ማገሩም ይሟላ። ያ እንጨት የሁሉም ይሁን፤ ሰርግ ያለው ወስዶ ይጣልበት፣ ሲጨርስ ይመልስ። ከዚያ በኋላ ደኑ ይገዘት አሉ። ቄሱም ሐሳቡን ወደዱት። እኔም ተጠርቼ ነበርና ነገሩን ተራ አስያዝኩት፦ መጀመሪያ እንጨቱ ይዘጋጃል፣ ቀጥሎ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይጓጓዛል፣ በመጨረሻ ደኑ ይገዘታል። ሁሉም ተስማማ።

ክርክር የተነሣው በአንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት እናት ጭራሮስ እንዴት ይሆናል ብለው ጠየቁ። የወደቀ፣ የደረቀ እንጨት መልቀም ማንን ይጎዳል አሉ። ብዙው ሰው በዚህ ሐሳብ ወደ መስማማት አዘንብሎ ነበር። አከራዬ ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ቆሙና «ደረቅ ይፈቀድ ካላችሁ፣ ማድረቁን ሁላችንም እናውቅበታለን» አሉ።

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። ምክንያቱን በኋላ ነው ያስረዱኝ። የዛፉን ልጥ ከሥሩ ዙሪያውን የላጠ ሰው ዛፉን አልቆረጠም፤ በዓመቱ ግን ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ያኔ ደረቅ ለቀምኩ ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ የአከራዬ ቃል ጸና፤ ደረቅም እርጥብም የተከለከለ ሆነ። ሴቶቹ ኩበት ሊበዛብን ነው ብለው ቢያጉረመርሙም ተቀበሉት።

በጥቅምት በደቦ ሥራው ተሠራ። ነፋስ ከገነደሳቸው ወይራና ጽዶች ባላው ወጣ፣ ተላጠ፣ ደኑ መሐል ባለችው ገላጣ ቦታ ተቆለለ። ያማረ ክምር ነበር። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው እዚያው ጥላ ውስጥ ይክረም ተባለ። የደኑ ዙሪያም በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ተከበበ፤ በጅረቷ በኩል አንዲት መግቢያ ብቻ ተተወች።

ኅዳር ላይ የደብሩ በዓል ደረሰ። ከአጎራባች መንደሮች ሁሉ ሰው መጥቶ ቅጥሩ ጢም ብሎ ነበር። ቄሱ ይህን ሕዝብ ሲያዩ፣ ይህ ሁሉ ሰው ተመልሶ የሚሰበሰበው ለዓመት ነውና ግዝቱን ዛሬ እንፈጽመው አሉ። ሐሳባቸው ትክክል ነበር፤ ግዝት ያልሰማውን ሰው አይዝም። ታቦቱ ሲመለስ ደኑ ዳር ቆሙ፤ መስቀላቸውን አንሥተው፣ ከዚህ ካብ ውስጥ ደረቅም ይሁን እርጥብ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እንጨት ያወጣ የተወገዘ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። አከራዬ ከሁሉም ጮክ ብለው አሜን ማለታቸውን አስታውሳለሁ፤ አጠገባቸው ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዱ መፋቂያስ ብሎ ጠየቀ። ቄሱ ሳቅ ብለው መፋቂያም እንጨት ነው አሉት።

ቤት ስንገባ እማወራዋ፣ የአከራዬ ሚስት፣ ጠላ ቀዱልን። አከራዬ እግራቸውን ዘርግተው፣ ደኑ ዛሬ ጌታ አገኘ እያሉ ነበር። እማወራዋ እንስራውን እየከደኑ «ለመሆኑ የዳሱን እንጨት አወጣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

አከራዬ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጡት። እኔም የያዝኩትን አስቀመጥኩ። ክምሩ እዚያው ገላጣው ላይ ነበር። ደረቅ ነው፤ እንጨት ነው፤ ካቡ ውስጥ ነው። የትኛውም ወገን ሾልኮ እንዳያመልጥ ተብሎ የተነገረው ቃል እሱንም ይዞታል።

ለሌላ ሰው ይህ ለወራት የሚያስቅ ነገር ይሆን ነበር። ለአከራዬ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም ጥር ላይ የሚውለው የመጀመሪያው ሰርግ የእሳቸው ልጅ ሰርግ ነው። ሙሽራው የጃናሞራ ሰው ነው፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ ሽማግሌ ተልኳል፣ ጌሾው ተገዝቷል። ያለ ዳስ ልጁን የዳረ አባት በአማቶቹ ፊት ምን እንደሚባል ለናንተ አልነግራችሁም። እንጨቱን ካወጡ ደግሞ ግዝቱን የጠየቁት ሰው ራሳቸው የመጀመሪያው አፍራሽ ሊሆኑ ነው። መንደሩ በሙሉ እያያቸው ነበር። ጥር ላይ የሚድሩ ሌሎችም አሉ፤ እሳቸው አንዲት ባላ ይዘው ከወጡ የሚከተለውን ማንም ያውቃል።

እኔ በበኩሌ ችግሩ በማስረዳት የሚፈታ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከማሳ ሲመለሱ ጠብቄ፣ የግዝቱ ዓላማ ቆሞ ያለውን ዛፍ መጠበቅ እንደሆነ፣ ቀድሞ የተዘጋጀው እንጨት ደግሞ የዚያው ዓላማ አካል እንደሆነ፣ ስለዚህ ቢወጣ ዓላማው እንደማይፈርስ ነጥብ በነጥብ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «ግን እንጨት ተሸክሜ ሳልፍ ለሚያየኝ ሰው ሁሉ እየቆምኩ ይህን ልነግረው ነው?»

ታዲያ ደባርቅ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ ድንኳንም በኪራይ አለ አልኳቸው። ያንንም አስበውበት ነበር። እኔ ገዝቼ ብደግስ መግዣ የሌለው ጎረቤቴ ተመልሶ ወደ ደኑ ያያል፤ የጋራ እንጨት ያልነው እኮ ለዚሁ ነበር አሉኝ።

ወደ ቄሱ ቤት ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ፤ ለመማርም ለመርዳትም ብዬ። አከራዬ ግዝቱ ይፈታልኝ ብለው አልጠየቁም። ምን ላድርግ ብለው ብቻ ጠየቁ። ቄሱ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«መፍታቱስ አያቅተኝም» አሉ። «ግን ገና በወሩ የፈታሁትን ግዝት ከእንግዲህ ማን ይፈራዋል?»

አከራዬ እጃቸውን ተሳልመው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ። ወፍጮ ቤት ስንሄድ ወሬው ይህ ብቻ ነው። አንዱ ሽማግሌ አከራዬን «አንቱ ደረቁንም እርጥቡንም አስገዝተው ዳሱን በጉም ሊጥሉት ነው?» አሏቸው። ሌላው ጉሙስ መች ጠፋ፣ የሚጠፋው ባላው ነው አለ። አከራዬ ፈገግ አሉ፤ ፊታቸው ግን ከስቶ ነበር። ክምሩ ሳይነካ መቆየቱን ለማየት ጠዋት ጠዋት ካቡ ድረስ ሄደው አሻግረው ያዩት ነበር። ወደ ውስጥ አይገቡም። እንዲያውም ከግዝቱ በኋላ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። ጫማዬ ሥር የተለጠፈ ስንጥር ይዤ እወጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሁሉ ነበር።

ገና ሲቃረብ ልጅቷ ከደባርቅ መጣች። እራት ላይ አባቷ ዳስ ሳይኖር ቤት ውስጥ እንቀበላቸው ይሆን ብለው ጀመሩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ ግድ የለም አለች፤ ድምፅዋ ግን ግድ እንዳላት ይናገር ነበር። እማወራዋ ሌማቱን እያነሡ በተለመደው የማሾፍ ቃናቸው «እንጨት አይወጣም ብላችኋል። ሰው አይገባም ያለ አለ?» አሉ።

አከራዬ ቀና አሉ። «እስቲ ድገሚው።»

«ቀልዴን ነው ሰውዬ።»

«ቀልድሽን ነው የምልሽ። ድገሚው።»

ደገሙት። ዳሱ እንጨቱ ካለበት እዚያው ገላጣው ላይ ይጣል ማለት ነው። እንጨቱ ከካቡ አይወጣም፤ ሰርገኛው ይገባል። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ከጓደኛዋ ሰርግ ላይ የተነሡትን ፎቶዎች እያየች፣ ጀርባው ላይ ደን ያለበት አንድም የለም አለች። እሷ የተስማማችው በዚያው ቅጽበት ይመስለኛል።

በማግሥቱ ቄሱ ሲነገራቸው ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ግዝቱን ዝግ ብለው ለራሳቸው ደገሙት። መግባት አልከለከልኩም አሉ። እሳት ግን እንዳይገባ፣ አዲስ ቅጠልም ለጣሪያ እንዳይበጠስ፣ ሲያልቅ እንጨቱ እዚያው ተመልሶ እንዲቆለል አዘዙ።

የቀረው አማቶችን ማስማማት ነበር። የተላኩት ሽማግሌ ከጃናሞራ ሲመለሱ የሙሽራውን አጎት መልስ እየሳቁ አደረሱን። «እኛ የምንመጣው ሙሽራ ልንወስድ ነው እንጂ ጭላዳ ልንነዳ አይደለም» ብለዋል። አከራዬ የገደላችን ጭላዳዎች አልተጠሩም፣ ቢመጡ ግን ቦታ አናጣላቸውም የሚል መልስ መልሰው ላኩ። በዚህ ተስማሙ። ቀልድ ሲመላለስ ነገር እንደሚያልቅ ያኔ አየሁ።

ዝግጅቱ ለእኔ ጥሩ ትምህርት ነበር። ባላዎቹ ቆሙ፣ ወራጁ ተጋደመ፣ ማገሩ ታሰረ። በቅጠል ፋንታ ከእድሩ ሸራ ተውሰን ጣሪያ አደረግን። ጉዝጓዙ ከጅረቷ ዳር የታጨደ ቄጠማ ነው። ወጡ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ነበርና ከግቢው እስከ ገላጣው ሴቶች ተሰልፈው ድስቱንና መሶቡን እየተቀባበሉ ያሻግሩ ነበር። እኔ ጅረቷ ላይ ነበርኩ፤ እግሬ በውርጩ ውሃ ቀዝቅዞ የማን እግር እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የሰርጉ ቀን ቄሱ መግቢያዋ ላይ ቆሙ። የጃናሞራ ሽማግሌዎች ሁሉም ከዘራ ይዘዋል፤ ከዘራ እንጨት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲገባ ከዘራውን ለቄሱ እያሳየ፣ ይህ ይዤው የመጣሁት ነው እያለ ማለፍ ነበረበት። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወደዱት። አንዱ ይህ ከዘራ ወጣት ሳለሁ የተሰጠኝ ነው ብለው ታሪኩን ሲጀምሩ ከኋላ ያሉት ሙሽራው አረጀ ብለው ገፏቸው። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ጭላዳዎቹም ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ዋሉ፤ የሙሽራው አጎትም ካዩዋቸው በኋላ ዘመዶቻችሁ ቀድመውን መጥተዋል እያሉ አከራዬን ሲያሾፉባቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ ተመርቃ መውጣት ተጀመረ። በቅሎዋ ከካቡ ውጭ ተጭና ቆማለች። ከፊት የሚመሩት የሙሽራው አጎት ናቸው። መግቢያዋ ጋ ሊደርሱ ሲሉ አፋቸው ላይ ያለውን አየሁ። ለጋ የወይራ መፋቂያ ነው፤ ጫፉ ላይ ገና አንዲት ቅጠል አለች። ከሥጋው በኋላ ጥርሳቸውን ሊፍቁ ከአንዱ ዛፍ የቀነጠቧት ናት። ስለ ከዘራ ተነግሯቸዋል፤ ስለ መፋቂያ ማንም አልነገራቸውም።

የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ዘፈኑ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። አማትን በሰርግ ቀን፣ በዘመዶቹ ፊት፣ አፍህን ክፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዝም ቢባል ደግሞ ከነገ ጀምሮ ግዝቱ ለእንግዳ የማይሠራ፣ ለትንሽ እንጨት የማይሠራ፣ ቀጥሎም ለማንም የማይሠራ ነው። ቄሱ እንኳ አከራዬን ነው ያዩት።

አከራዬ ሰውን እየከፈሉ መጥተው መግቢያዋ ላይ ቆሙ።

«ጌታው» አሉ፣ «ከመውጣትዎ በፊት ከእኔ ጋር አንድ ጊዜ ይመለሱ።»

«ምን ረሳሁ?»

«አልረሱም። ይዘውብኝ ነው።»

አጎትየው ገባቸው። መፋቂያዋን ከአፋቸው አውጥተው አዩዋት። ፊታቸው ቀላ። «ለዚች ጭራሮ ነው ሙሽራ የምታቆሙት?»

«ለዚች ጭራሮ ነው ልጄን ከቤቴ አውጥቼ እዚህ የዳርኳት» አሉ አከራዬ፤ ድምፃቸውን አላነሡም። «እርስዎ እሷን ይዘው ከወጡ፣ እኔ ነገ ባላ ይዤ እወጣለሁ። ከነገ ወዲያ ይህ ሁሉ ሰው ይከተለኛል። እርስዎ ለልጅ ልጅዎ ክርስትና ሲመጡ የምንጠለልበት አይኖርም።»

ሙሽራዋ አባቷን ታያለች፤ ሙሽራው መሬት መሬት ያያል። አጎትየው መፋቂያዋን በጣታቸው አንከባለሏት። ከዚያ የአከራዬን ክንድ ያዙና ሁለቱም ወደ ውስጥ ተመለሱ። ዛፎቹ መሐል ሲሄዱ ነጫጭ ጋቢዎቻቸው ለጥቂት ጊዜ ታዩን፣ ከዚያ ጠፉ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አከራዬ እስካሁን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሲመለሱ አጎትየው በቄሱ ፊት ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ባዶ ነበር። «አፌንም ልክፈት?» አሉና አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። ቄሱ ጎንበስ ብለው እውነትም አዩ። ያኔ ነው ሰው የሳቀው፤ ከሳቁ ጋር ዘፈኑም ካቆመበት ቀጠለ። በቅሎዋ ተነሣች። አከራዬ ጉሙ የጃናሞራን መንገድ እስኪሸፍነው ድረስ ካቡ ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

ዳሱ ተነቅሎ እዚያው ተቆለለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ቆርቆሮ ተሰጥቶ ክዳን ተደረገለት፤ ምስጥ እንዳይበላው ከሥሩ ድንጋይ ተነጠፈ። በዚያው ጥር ሌሎችም ገላጣው ላይ ዳሩ። ሁሉም አይደሉም፤ አንድ ነጋዴ ከደባርቅ ድንኳን ተከራይቶ በግቢው ደገሰ። ከደኑ እስካልወሰደ ድረስ ማንም አልተቃወመውም። በሚቀጥለው ዓመት በዓል ላይ ቄሱ ግዝቱን ሲያድሱ ያወጣ ብቻ ሳይሆን የቆረጠም የሚል ጨመሩበት። ለማን ብለው እንደጨመሩት ሁላችንም ስለገባን አሜን ስንል ሳቅ ነበረበት።

ጉዳት የለውም ልላችሁ አልችልም። ገላጣው ተረግጦ ተረግጦ ሣር አላበቅል ስላለ አከራዬ ቦታው በየዓመቱ ወዲህና ወዲያ እንዲል አስደርገዋል። ሴቶቹም አሁንም ስለ ኩበቱ ያማርራሉ፤ እውነት አላቸው። ተማሪዎቼን ይዤ ስገባ ግን ባላ ሆነው ይቆረጡ የነበሩት ለጋ ዛፎች የሚቆረጡበትን ቁመት አልፈው ከራሳችን በላይ ሲወጡ እናያለን። ያቺ ስለ አያቶችና ልጆች የተናገረችኝ ልጅ አሁን ትልቅ ክፍል ደርሳለች፤ ባለፈው አንዱን ለጋ ጽድ በእጇ ዙሪያውን ልትይዘው ሞክራ ጣቶቿ አልገናኝ አሏት።

እናንተም የምትወዱት ደን ካለ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለች አንዲት የዛፍ ጥላም ብትሆን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሚቀጥለውን ድግሳችሁን እዚያ ሄዳችሁ አድርጉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት። ሥር የተቀመጣችሁበትን ዛፍ በማግሥቱ ለመቁረጥ እጃችሁ እሺ ይላችሁ እንደሆነ እዩ። በር የምትዘጉ ከሆነ ደግሞ ከመዝጋታችሁ በፊት ገብታችሁ ውስጥ የቀረውን ተመልከቱ። መፋቂያችሁን ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።